እርዱኝ! ባይኖኩላሬ አንዱን ወፍ ሁለት እያደረገው ነው

ጀማሪው፦ ሰላም ናችሁ? ጫካ ውስጥ ነኝ፣ ቶሎ መልሱልኝ። ባይኖኩላሬ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት አድርጎ ያሳየኛል። ለዋርብለር፣ ለዚያች ትንሽ ዘማሪ ወፍ ብዬ ሦስት ሰዓት ነድቻለሁ፣ ማታ ተመላሽ ነኝ። ስልኬም 30 ፐርሰንት ላይ ነው።

ሰንበሌጥ፦ ሌንሱን ጥረገው።

ሌሊት ወፍ፦ ምን አስጨነቀህ? ሁለት አየሁ ብለህ መዝግብ 😀

ጋሽ ሌንስ፦ ልጄ፣ ዕቃውን ሳያውቁ መጠገን አይቻልም። በሁለቱም ቱቦ ውስጥ ፕሪዝም የሚባል መስታወት አለ። ተገልብጦ የሚመጣውን ምስል የሚያቃናው እሱ ነው። ባይኖኩላሩ ላይ 8 በ42 ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 42ን ለ8 ስታካፍል 5.25 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ወደ ዓይንህ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይኼ ነው። ጎህ ሲቀድ ከትንንሾቹ ባይኖኩላሮች ደምቆ የሚያሳየውም...

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወፎቹ እየሄዱ ነው። ጠርጌዋለሁ፣ ያው ነው።

ሰንበሌጥ፦ በደንብ ጥረገው።

ቀለበት፦ ወድቆብሃል እንዴ?

ጀማሪው፦ አዎ፣ ጠዋት ከመኪናው ጣሪያ ላይ። ግን ምንም አልተሰበረም እኮ!

ቀለበት፦ ይኼን ቀድመህ ብትነግረን ምን ነበረበት? አንድ ዓይንህን ጨፍነህ እይ፣ ከዚያ ቀይር። በየተራ ሲያዩ ሁለቱም ጥርት ካሉ፣ አብረው ሲያዩ ብቻ ሁለት ከሆነ፣ ፕሪዝሙ ከቦታው ተንቀሳቅሷል። ጫካ ውስጥ አይስተካከልም። እንዳትፈታው! ውኃ የማያስገባ ከሆነ ውስጡ በደረቅ ጋዝ የተሞላ ነው፣ ከተከፈተ በኋላ ጉም ይይዘዋል። ለዛሬ አንዱን ቱቦ ክዳኑን ግጠምና በሌላው ብቻ እይ። ዓይንህን እያስገደድህ ሁለቱን ምስል ለመግጠም ብትሞክር ራስ ምታት ነው ትርፉ።

ጆሮ ይቅደም፦ እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ለዋርብለር ባይኖኩላር ምን ያደርጋል? 10 ግራም የማትሞላ ወፍ፣ ዛፍ ጫፍ ላይ፣ ቅጠል ውስጥ፣ አንድ ቦታ የማትቆም! አንገት ማሳመሚያ ነው። በፀደይ ወንዶቹ ይዘምራሉ፣ ስማቸው። ቺፍቻፍና ዊሎ ዋርብለር የሚባሉት ሁለቱ የዋርብለር ዝርያዎች በመልክ መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። ሲዘምሩ ግን ቺፍቻፍ ሁለት ድምፅ እየደጋገመ የራሱን ስም ይጠራል። የዊሎው ዜማ ከላይ ጀምሮ እየወረደ እየሳሳ ይጠፋል። ሕፃን ይለያቸዋል።

ሌሊት ወፍ፦ ሳያዩ መመዝገብማ ወሬ ነው።

ጆሮ ይቅደም፦ ቆጠራ የሚያካሂዱት እኮ በጆሮ ነው! ኪርትላንድ ዋርብለር የሚባለውን ብርቅዬ የአሜሪካ ወፍ ብዛት ያወቁት የሚዘምሩ ወንዶችን እየቆጠሩ ነው። በ1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 167 ብቻ ነበሩ። በ2019 ከአሜሪካ የመጥፋት አደጋ ዝርዝር ወጣ።

ጋሽ ሌንስ፦ 167 በ1974ም ተቆጥሯል። አስተካክል።

ጆሮ ይቅደም፦ በሁለቱም ዓመት ነው ጋሼ። አልተሳሳትኩም።

ጀማሪው፦ በስልኬ ድምፁን ባጫውትለት ይመጣል?

ቀለበት፦ ይመጣል፣ ግን ተው። ባላንጣ መጣብኝ ብሎ ነው የሚመጣው። መብላቱን ትቶ ሲያባርርህ ይውላል። በተለይ ብርቅዬ ከሆነ ተወው። ክዳኑን ገጠምህ?

ጀማሪው፦ ገጥሜያለሁ። በግራው ጥርት ይላል! አንድ ቢጫ ነገር አየሁ፣ ዓይኑ ላይ መስመር አለው። እግሩ ፈዘዝ ያለ ነው። ምን ይሆን?

ጆሮ ይቅደም፦ ምን አለ? ድምፁን ንገረን!

ሰንበሌጥ፦ ፎቶ።

ሌሊት ወፍ፦ ባትሪው አለቀ መሰለኝ።

አዲስ ገቢ፦ እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። የኔ ግን አልወደቀም፣ ቀኝ በኩል ብቻ ይደበዝዛል።

ቀለበት፦ ያንተ ሌላ ነው፣ ብልሽትም አይደለም። ቀኝ ዓይንህን ጨፍነህ በመሃሉ ማጥሪያ ጎማ ግራውን አጥራ። ከዚያ ግራህን ጨፍነህ፣ ጎማውን ሳትነካ፣ በቀኙ ዓይን መያዣ ላይ ያለውን ቀለበት አዙር። የቆመበትን ቁጥር አስታውሰው፣ ቦርሳ ውስጥ ሲፋተግ ይዞራል።

ሰንበሌጥ፦ መጀመሪያ ጥረገው።