የጎማ መቁረጫው ፕሮፖዛል፦ እስከ አርብ ሀሳባችሁን ጻፉ

ጸሐፊ፦
እሁድ በማህበራችን ስብሰባ የተባለውን፣ ያገለገለ ጎማ የምንቆርጥበትን ማሽን ፕሮፖዛል ጽፌዋለሁ። ሶስት ማሽን ነው፣ ሽቦ መንቀያ፣ ጎን መቁረጫ፣ ጥርሱን እንደ ቋንጣ የሚተለትል መተልተያ። ማሽኖቹን የሚሰራልን ባለ ቶርኖ የሰጠን ፕሮፎርማ በድምሩ 1 ሚሊዮን 600 ሺ ነው። በሊዝ፣ ማለት ማሽኑን አበዳሪ ገዝቶልን ቀስ እያልን የምንከፍል ከሆነ፣ 20 በመቶው ከኛ ነው ማለትም 320 ሺ፣ 22 አባል በ15 ሺ 330 ሺ ይሆናል፣ የሚተርፈው 10 ሺ ለማስጫኛ። መግቢያው ላይ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጁን ጠቅሻለሁ፣ ስለዚ ወረዳ ምን አገባችሁ ሊለን አይችልም። ማሽኖቹ የሚተከሉት በምንሰራበት ሼድ በቀኝ በኩል ቆጣሪው ያለበት ጥግ ነው ምክንያቱም ለማሽን የሚሆነው ሶስት ፌዝ መብራት ያለው እዛ ብቻ ነው። አርብ 9 ሰዓት አስገባለሁ፣ ከዛ በፊት ዝም ያለ ሰው በኋላ እንዳይጮህ።

የአብነት ልጅ፦
15 ሺው በአንዴ ነው? እኔ በሁለት ጊዜ ካልሆነ አልችልም ኪራይ የምከፍልበት ወር ነው

ሂሳብ ያዥ፦
በሁለት ይቻላል ግን ግማሹ እስከ ሐሙስ ይግባ። የጣራውን መዋጮ እስካሁን ያልከፈሉ አራት ሰዎች አሉ፣ ስም አልጠራም ራሳቸው ያውቁታል።

የሸራ ተራው፦
ቆይ ቆይ። ቆጣሪው ጋ ማለት እትዬ ቡና የሚያፈሉበት ጥግ እኮ ነው። እሳቸውስ የት ሊሄዱ ነው?

ጸሐፊ፦
ወደ በሩ ጠጋ ይላሉ።

የሸራ ተራው፦
በሩ ጋ ንፋስ ነው ከሰል አይይዝም፣ አሁን ደሞ ክረምት ነው ዝናቡ በዛ በኩል ነው የሚገባው። ጎማ የምናስገባውም በዛው ነው። የከባድ መኪና ጎማ እየተንከባለለ መጥቶ ረከቦታቸው ላይ ሊወጣ ነው?

ማስተር፦
ቡናው ይቆየንና አንዴ ስሙኝ። እኔ ስራውን ስጀምር እዚ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚመጣው ጎማ ማለት ይቻላል ሁሉም ናይለን ነበር። ጎኑ ላይ 12.00-20 ይላል፣ መሀሉ ላይ ሰረዝ ካለች ናይለን ነው፣ ሰውነቱ ክር ነው፣ ሽቦ ያለው ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ከንፈሩ ላይ ብቻ ነው። ቢላህን በሳሙና ውሃ እየነከርክ ከያዝከው እንደ ቆዳ ነው የሚሄድልህ፣ ለበረባሶ ሶል ከሱ የተሻለ የለም። አሁን የሚመጣው 12.00R20 ነው፣ 315/80R22.5 ነው። ያቺ አር የምትባለው ፊደል ራዲያል ማለት ናት። የከባድ መኪናው ራዲያል ከጥርሱ እስከ ጎኑ ሽቦ ነው። የቤት መኪናው ጎኑ ክር ነው ግን ጥርሱ ስር የሽቦ መረብ አለው። እና ጎን መቁረጫውም መተልተያውም ምላጫቸው ከምን ብረት ነው የሚሰራው? ባለ ቶርኖው ከባሌስትራ፣ ከመኪና ሞላ ብረት አወጣዋለሁ ካለ ባሌስትራ ቢላማ እኔም አለኝ፣ ጠዋት የሳልኩት ራዲያል ላይ ለምሳ አይደርስም። ገንዘብ ከመሰብሰባችን በፊት ይሄ ይጠየቅ።

ጎሚስታው፦
ማስተር ያለው ልክ ነው፣ እኔ ጋ ጥርሱ አልቆ ሊሾ ሆኖ የሚወርደው የጭነት መኪና ጎማ አብዛኛው ራዲያል ነው። ናይለን ከፈለጋችሁ ለብቻ አስቀምጥላችኋለሁ ግን በብዛት አትጠብቁኝ።

ሰባተኛ፦
ለምን ይሄ ሁሉ ቁረጥ ቁረጥ፣ አቅልጠን ፎርማ ውስጥ ብናፈሰውስ? የፕላስቲክ ጫማ የሚሰሩት እንደዛ ነው

ማስተር፦
ልጄ ጎማ እንደ ፕላስቲክ አይቀልጥም። በድኝ የበሰለ ነው፣ የተጋገረ ዳቦ ወደ ሊጥ እንደማይመለስ ማለት ነው፣ እሳት ላይ ብታደርገው ይነዳል እንጂ አይፈስም። ወይ ትቆርጠዋለህ ወይ ትፈጨዋለህ። ይልቅ አንተ ቶርኖ ቤቱ መንገድህ ላይ ነው ነገ ጎራ በልና ምላጩን ጠይቅ።

ሰባተኛ፦
እሺ ነገ ጠዋት ሄዳለሁ

ባለ ፓራፋንጎ፦
ወደ እትዬ ጉዳይ እንመለስ። ሳይጠየቁ ጥጋቸው ፕሮፖዛል ላይ መጻፉ ራሱ ልክ አይደለም።

የአብነት ልጅ፦
የሚገርም ነው። ሴትዮዋ ለምን ውጪ አያፈሉም? 1 ሚሊዮን 600 ሺ ብር በአንድ ጀበና ሊቆም ነው እንዴ

ባለ ፓራፋንጎ፦
ሴትዮዋ?? ማንን ነው ሴትዮዋ የምትለው አንተ ልጅ። ለሶስት ወር ምሳህን በዱቤ ያበሉህ ሴትዮዋ ናቸው አሁን? እኔ ልንገርህ። ካቻምና ክረምት ያን የአይሱዙ ጎማ ሽቦ ለሁለት ይዘን ስንስብ መንጠቆው ሾለከና ሽቦው ተወንጭፎ መዳፌን ከአውራ ጣቴ ስር እስከ አንጓዬ ሰነጠቀው፣ ሁላችሁም ቆማችሁ ታዩኝ ነበር፣ ነጠላቸውን ቀደው ያሰሩልኝ እሳቸው፣ ታክሲ የጠሩት እሳቸው፣ እስከ ማታ 2 ሰዓት ሐኪም ቤት ሰልፍ ላይ አብረውኝ የተቀመጡት እሳቸው፣ ያን ቀን ጀበናቸው እሳት ላይ ቀርቶ ተሰነጠቀ። ነጠላውን እስከዛሬ አልተካሁላቸውም።

ጎሚስታው፦
ሁላችሁም ቆማችሁ ነበር አትበል። እጅህን ወደ ላይ አድርጌ የያዝኩህ እኔ ነኝ ሸሚዜ በደምህ ተበላሽቶ ነው የጣልኩት። የሰው ውለታ ስትቆጥር ሙሉውን ቁጠር።

ባለ ፓራፋንጎ፦
ያንተን አልካድኩም። ስለሳቸው ነው ያወራሁት።

የአብነት ልጅ፦
እኔ ለመሳደብ አይደለም ያልኩት። ዱቤውንም ከፍያለሁ ጠይቋቸው። ግን ሁሌ እንዲ ነው የምንሆነው፣ ያኔም የጫማ ሶል መምቻ ፕሬስ ልንገዛ ብለን የበሩን ቁልፍ ማን ይያዝ ስንባባል ዓመት አለፈ፣ ዕቃውን ሌሎች ወሰዱት ዛሬ እነሱ ለክፍለ ሀገር ይልካሉ እኛ በቢላ ነን

የሸራ ተራው፦
ፕሬሱ የቀረው በቁልፉ አይደለም። ብር ይዞ የጠፋ ሰው ስለነበረ ነው።

ሂሳብ ያዥ፦
ያንን እዚ አታንሱ። ብሩ ተመልሷል፣ ደረሰኙም እኔ ጋ አለ።

የሸራ ተራው፦
ግማሹ ነው የተመለሰው።

ሊቀመንበር፦
በቃ። የፕሬሱ ወሬ እዚ ይቁም። እትዬን በተመለከተ የተናገረ ሁሉ አፉን ይሰብስብ። መፍትሄ ያለው መፍትሄ ይጻፍ።

የአብነት ልጅ፦
እሺ ጋሼ። ቃሌን መልሻለሁ፣ እትዬንም ነገ በአካል ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጎሚስታው፦
ቆጣሪውን ወደ ግራ ጥግ ማዞር አይቻልም?

ጸሐፊ፦
ቆጣሪ ማዞር ማመልከቻ ነው፣ ባለሙያ መጥቶ እስኪያይ ወር ነው። ደሞ በኮሪደር ልማት ሼዱ ይነሳል አይነሳም በሚባልበት ሰዓት ማን ደፍሮ ይፈርምልናል። ገመድ መሳብ ግን ይቻላል፣ ለ7 ኪሎዋት ተኩል ሞተር ወፍራም ገመድ ከነ ብሬከሩ ይፈልጋል፣ ሜትሩ ይለካና ዋጋ ይያዝለት።

የሸራ ተራው፦
እኔ እለካለሁ። ከቆጣሪው እስከ ግራ ጥግ፣ የበሩንም ስፋት ጭምር፣ ማሽኑ በበሩ መግባቱን ያሰበ ሰው የለም መሰለኝ።

ባለ ፓራፋንጎ፦
ገመዱ በመሬት ሊሄድ ነው? በዚ ክረምት ውሃ በሚተኛበት? እኔ የምለው ለምን እትዬን በክብር አናወጣቸውም፣ በሩ አጠገብ በውጪ በኩል በላሜራ ቆንጆ አድርገን ትንሽ ቤት እንስራላቸው፣ ጣራ ያለው፣ መስኮት ያለው። ብየዳውን እኔ በነጻ። እቃው 60 ሺ ቢፈጅ ነው።

ሂሳብ ያዥ፦
60 ሺ ከየት? ትርፉ 10 ሺ ነው።

ባለ ፓራፋንጎ፦
ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይግባ። የስራ ቦታ ማሻሻያ ብላችሁ ጻፉት።

ጎሚስታው፦
ላሜራ ቤት ከተሰራ የእጅ መታጠቢያም ይግባበት፣ ጥቀርሻ በእጃችን ይዘን ነው ቡና የምንጠጣው

ሰባተኛ፦
ሽንት ቤቱስ? እሱ ከሁሉ ይቀድማል ቁልፉ ተሰብሮ ስንት ጊዜው ነው

ጸሐፊ፦
እኔ የምጽፈው ስለ ጎማ መቁረጫ ነው። ሰባተኛ፣ ቶርኖ ቤቱ ሄድክ?

ማስተር፦
መልስ አላገኘሁም። ምላጩ ከምንድነው?

ሂሳብ ያዥ፦
ሐሙስ ማታ ነው። የገባው 52 ሺ 500 ነው፣ ሰባት ሰው ግማሽ ግማሽ ነው የከፈለው። ላሜራውን የሚደግፉት ደግሞ ከላሜራው በፊት አንከፍልም ብለው ደውለውልኛል። በዚህ አካሄድ 320 ሺ አይሞላም፣ ሊዙንም አይሆንም ብላችሁ ቁጠሩት።

ባለ ፓራፋንጎ፦
አንከፍልም አላልንም ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው ያልነው።

ማስተር፦
እንግዲያው የኔን ሀሳብ ልጻፍ። ሶስቱንም በአንዴ የማይሆን ከሆነ ሽቦ መንቀያው ብቻ ይሰራ። እሱ ምላጭ የለውም፣ መንጠቆና ሀይድሮሊክ ነው፣ ከንፈሩን ይይዝና የከንፈሩን ሽቦ በሙሉ ስቦ ያወጣዋል፣ ናይለንም ሆነ ራዲያል አይመርጥም። እጅ የሚቆርጠን እኮ ጎማው አይደለም ያ ሽቦ ነው፣ የባለ ፓራፋንጎን መዳፍ አይታችሁታል። ሽቦው ከወጣ የቀረውን ባለው ቢላም ቢሆን እንሰራዋለን። የወጣው ሽቦ ደሞ በኪሎ ይሸጣል፣ አሁን ጎማ እያቃጠሉ ነው የሚያወጡት ጭሱ ሰፈሩን የሚገድለው ለዛ ነው። ሊዝም አያስፈልገውም ከመዋጯችን ይሸፈናል።

የአብነት ልጅ፦
መተልተያው ከቀረ ለኔ ምን ይጠቅመኛል? እኔ የምሸጠው የሶፋ ማሰሪያ ነው፣ በእጅ ቀኑን ሙሉ ተልትዬ የማወጣው ስንት እንደሆነ ታውቃለህ ማስተር። እኔ 15 ሺ ልከፍል የነበረው ለሱ ብዬ ነው።

ማስተር፦
አውቃለሁ። አልተሰረዘም፣ ይቆይ ነው ያልኩት።

የአብነት ልጅ፦
ይቆይ ማለት እዚ ማህበር ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ አብረን አይተናል

ሊቀመንበር፦
አንተም እውነት አለህ። ግን ከባዶ እጅ አንድ ማሽን ይሻላል። ጸሐፊ፣ ሽቦ መንቀያና የስራ ቦታ ማሻሻያ ብለሽ አስተካክይው፣ መተልተያው ሁለተኛ ዙር ተብሎ ከስር ይጻፍ።

ጸሐፊ፦
አስተካክያለሁ። ግን የስራ ቦታ ማሻሻያው አሁን ላሜራ ቤት፣ መታጠቢያ፣ የሽንት ቤት በርና የጣራ ቀለም ሆኗል፣ ከማሽኑ ይበልጣል። ጣራ ቀለም ያለው ማነው?

ሰባተኛ፦
እኔ ነኝ። ከተማው ሁሉ ቀለም እየተቀባ ነው የኛ ብቻ ዝጎ ሲታይ ደስ አይልም

ጸሐፊ፦
የገመዱን ሜትርና የበሩን ስፋት ካላወቅኩ ማስገባት አልችልም። የሸራ ተራው ከረቡዕ ጀምሮ የለም ስልኩም ዝግ ነው።

ጎሚስታው፦
ሀገር ቤት ሄዷል ለለቅሶ። መለኪያ ሜትሩም እሱ ጋ ነው።

ጸሐፊ፦
አርብ 8 ሰዓት ተኩል ነው። እትዬን ራሳቸውን ያናገረ ሰው አለ?

የአብነት ልጅ፦
እኔ ጠዋት ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ነገርኳቸው። ሁሉንም ሰምተዋል፣ ማን ምን እንዳለ ጭምር። በጾሙ ሰሞን እንዲ ያለ ነገር አልነጋገርም፣ ከፍልሰታ በኋላ ኑና ቁጭ ብለን እንነጋገር አሉኝ። ቡናም አጠጡኝ።

ባለ ፓራፋንጎ፦
እሳቸው ካሉ በቃ ከፍልሰታ በኋላ ይሁን።

ሂሳብ ያዥ፦
እና የገባው 52 ሺ 500 እኔ ጋ ይቀመጥ ወይስ ይመለስ? ሁለት ሰዎች ይመለስልን ብለው ጽፈውልኛል።

ሊቀመንበር፦
ይቀመጥ።

ባለ ፓራፋንጎ፦
ላሜራውን እኔ በዱቤ የማገኝበት አለ፣ እስከዛ ቢያንስ እሱን ልጀምረው?

ማስተር፦
ሰባተኛ፣ ምላጩን ጠይቀሃል?