ጓሳ ላይ ክፍቱን የቀረው ጉድጓድ፦ የጋራ ዕቅዳችን ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ እንደተነጋገርነው፣ መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ሣር ሜዳ ላይ መንገድ ሲሠራ ገረጋንቲ የወጣበትን ጉድጓድ መልሶ ሣር ለማልበስ ዕቅድ እንጽፋለን። የመጀመሪያው ረቂቅ አጭር ነው። አሥር ሺህ ችግኝ ማፍላት፣ በክረምት ዘመቻ መትከል፣ ታፔላ ማቆም። ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉ። የማያዋጣውን ሳትፈሩ ሰርዙት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ረቂቁን ወድጄዋለሁ። እዚህ አሜሪካ ያለነው በነፍስ ወከፍ አሥር አሥር ችግኝ ብለን ብናዋጣ ቶሎ ይሞላል። የምን ችግኝ ነው ግን? ጽድ?

መምህሩ ከመሐል ሜዳ፦
ጋሼ፣ ጽዱ ይቆየን። ቅዳሜ በጠዋት ሄጄ አይቼዋለሁ። ጉድጓዱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ከነቅጥሩ ይውጣል። አፋፉ ላይ ጓሳ የሚባለው ሣር እንደ ድሮው ጉብ ጉብ ብሎ ቆሟል፣ ጫፉ አመዳይ ለብሷል። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ባዶ ነው። መሬቱ ደረቅ መስሎኝ ስረግጠው ቀጭ ቀጭ አለ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ፈነቀልኩት። ከሥሩ እንደ መርፌ የቀጠነ በረዶ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ቁመቱ የጣት አንጓ ያህላል፣ የላዩን አፈር ተሸክሞታል። አንዲት የሣር ቡቃያ ነበረች፣ እሷንም ከነሥሯ ብድግ አድርጓታል። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ በረዶው ሟሟ፣ ቡቃያዋም በጎኗ ተጋደመች። ፎቶ አንስቻታለሁ።

ሣር ያጠናው፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ያቺ ቡቃያ የዕቅዳችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ትግባ። ችግሩ ሁሉ እሷ ላይ አለ።

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ቆዳ የሚልጥ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እርጥብ አፈር ራቁቱን ሲያድር ውሃው ወደ ላይ እየተሳበ በረዶ ይሆናል፣ አፈሩንም ያነሳዋል። ይህ በየሌሊቱ ነው። በክረምት የበቀለ ነገር ሥሩን ሳይሰድ በጋው ይመጣና ይነቅለዋል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ቦታ ስንት ክረምት አልፎበትም ራሰ በራ የሚሆነው። ስንፍና አይደለም፣ መሬቱ ዘር አጥቶም ብቻ አይደለም። አፈሩ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ነው።

ጓሳውን እዩት እስቲ። የሞተ ቅጠሉን አይጥልም፣ እንደ ጋቢ ደርቦት ይቆያል። ግንዱ የሚያድረው በዚያ ውስጥ ነው። ጅባራም እንደዚያው ነው። ሌሊት ቅጠሉን ሰብስቦ ልቡን ይሸፍናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ዛፍ አይተከል። ጓሳ ደን ጠፍቶበት የተራቆተ አገር አይደለም፣ ሣር የሆነው ሣር መሆን ስላለበት ነው። ቀይ ቀበሮው አይጥ የሚያድነው ገላጣው ላይ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ጥቂቶቹ እዚያው ጓሳ ላይ ናቸው። ጭላዳም የሚበላው ሣር ነው። ሁለተኛ፣ ከቆላም ሆነ ከውጭ የመጣ የሣር ዘር አንገዛም። ሦስተኛ፣ ጓሳውን ከነሥሩና ከነአፈሩ እናዛውር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እንግዲህ ችግኙ ቀረ ማለት ነው። እኔ ግን ለሰው ምን ብዬ ገንዘብ ልጠይቅ? «ሣር አዛውሩ» ብል ይስቁብኛል።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም ጥያቄ አለኝ። የምናዛውረው ጓሳ ከየት ይመጣል? ደህናውን ሜዳ ቆፍረን ጉድጓዱን ከሞላን አንዱን ቀዳዳ ለመጣፍ ሌላ መቅደድ ነው። እንዲህ ላለ ነገር ቼክ አልፈርምም።

ሣር ያጠናው፦
ልክ ነሽ እህቴ። አንድ የጓሳ ጉብታ ከሥሩ ሲገነጠል ብዙ ቁራጭ ይወጣዋል። ከአንድ አካባቢ ሳይሆን ከሰፊ ቦታ ራቅ ራቅ ተደርጎ ነው የሚነሳው፣ የተነሳበትም ወዲያው በአፈር ይደፈናል። ጉድጓዱንም ሙሉ በሙሉ አናለብሰውም። እዚህም እዚያም እንደ ደሴት እንተክላለን፣ መሐሉን እሱ ራሱ ዘርቶ ይሙላው። በዚያ ላይ መንገዱ ዳር ቦይ ሲጠረግ ስንት ጓሳ ተቆርጦ ገደል ይጣላል! መጀመሪያ እሱን እንለምን።

መሐንዲሱ፦
ዘግይቼ ገባሁ፣ ሳይት ላይ ነበርኩ። ከሣሩ በፊት ሁለት ነገር አለ። የጉድጓዱ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። እንደዚያ ሆኖ ምንም አይዝም፣ ላዩ ተገፍቶ ተዳፋት መሆን አለበት። ከበላዩ ደግሞ ጎርፉን ወደ ጎን የሚያስቀይስ ቦይ ያስፈልጋል። ያለዚያ በሐምሌ የተከልነውን ነሐሴ ይዞት ይወርዳል።

ሁለተኛው ጥቁሩ አፈር ነው። መምህር በላከው ፎቶ በስተግራ ያለው ክምር ምን ይመስላችኋል? ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የተገፈፈው የላይ አፈር ነው። ከገረጋንቲ ትርፍ ጋር ደባልቀው ገፍተውታል። ሥራው ሲያልቅ መልሶ ማልበስ ነበረባቸው፣ አላለበሱም። አሁን ማንን እንከሳለን? ግን አፈሩ እዚያው ነው። ከፍ ብሎ የተከመረ አፈር ሆዱ ውስጥ ያለው ሕይወት ይታፈናል፣ ላይ ላዩ ግን ገና ደህና ነው። እሱን ለይተን እንበትነው።

የቲቤትን ባቡር አስታወሰኝ። ከጎልሙድ እስከ ላሳ 1,142 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ሣሩን መጀመሪያ ከነአፈሩ እንደ አምባሻ እየቆረጡ ያነሱት ነበር። ጎን ላይ ደርድረው፣ ውሃ እያጠጡ ያቆዩትና የሐዲዱ መደብ ሲያልቅ ጎኑ ላይ ይመልሱታል። እኛ ያ ዕድል አልፎናል። ወደፊት ለሚቆፈር ግን በዕቅዱ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይኑረን።

መምህሩ ከመሐል ሜዳ፦
አባቴ ውይይቱን አንብቤላቸው በድምፅ መልስ ልከዋል። እንደተናገሩት እጽፈዋለሁ፦

«ልጆች፣ ስለ ሣር አተካከል ብዙ አወራችሁ። ከብቱን ማን ይመልሳል? የተተከለ ጓሳ ለስላሳ ነው፣ አንድ ቀን የበሬ መንጋ ከገባበት አለቀ። በአባቶቻችን ጊዜ ቄሮ የሚባል የሣር ጥበቃ ሥርዓት ነበር። የአስቦና የጌራ ልጆች በየደብራቸው ተከፋፍለው፣ አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው ጓሳን ሦስት ዓመትም ከዚያም በላይ ይዘጉት ነበር። ሲከፈት ሁሉም እኩል ያጭዳል። በ67 የመሬት አዋጁ መጣና ያ ቀረ። አሁን የጓሳ ኮሚቴው አለ፣ ጥበቃዎቹም አሉ። እነሱን ሳትጠይቁ አንድ አካፋ እንዳታነሱ። ሽቦ አጥር ትላላችሁ፣ ሽቦው በሁለት ወሩ ከሰው ጓሮ ይገኛል።

ደግሞ ውርጩን ትፈራላችሁ። ጓሳ ታጭዶ የለም እንዴ? ገሳ ለብሰን ስንት ክረምት አሳልፈናል። መሬቱንም ገሳ አልብሱት። ነፋስ እንዳይወስደው የጓሳ ገመድ ግመዱና መረብ አድርጋችሁ እሰሩት።»

መሐንዲሱ፦
አባባ ይኑሩልን! አውሮፓ ያሉት የአልፕስ ተራራ ሰዎች የበረዶ መንሸራተቻ ሠርተው የተገፈፈ ተዳፋት ሲያለብሱ ይህንኑ ነው የሚያደርጉት። ድርቆሽ ይበትናሉ፣ በላዩ የቃጫ መረብ ይዘረጋሉ። እኛ መረቡን ከውጭ ልናስመጣ ነበር።

ሣር ያጠናው፦
በጣም ጥሩ ነው። ዘሩን ካላረገፈ ጓሳ የታጨደ ከሆነ ደግሞ ብርድ ልብስም ነው፣ ዘርም ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለኝ። ወፍራም ከሆነ ታች ያለውን ያፍነዋል። ከላዩ ሲያዩት አፈሩ ፈንጠር ፈንጠር ብሎ መታየት አለበት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አገኘሁት! ችግኙ ይቅር። ሰውን «አንድ አንድ ክንድ የጓሳ ገመድ ግዙ» እላለሁ። ገመዱን የሚገምዱት የእኛው ሰዎች ናቸው፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። እናቱ ቤት ገመድ ሲገመድ እያየ ያደገ ሁሉ ይገባዋል።

ገንዘብ ያዥ፦
እሱን ቼክ እፈርማለሁ። ግን ከበጀቱ ግማሹ ለጥበቃ ይመደብ፣ ለአንድ ክረምትም አይሁን። ተክሎ መሄድ ሰልችቶኛል። ባለፈው ሌላ ቦታ ያስተከልነው የት ደረሰ? ማንም ተመልሶ አላየውም፣ እኔንም ጨምሮ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እሺ፣ ረቂቁን ከሥሩ ቀይሬዋለሁ። ያልተስማማ አሁን ይናገር።

ሥራው ጉድጓዱን በሙሉ አይነካም። በመጀመሪያው ዓመት ሰሜን ጫፉ ላይ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆኑ አራት መደቦች እንይዛለን። አንዱ ላይ አፈር ብቻ ይመለሳል። አንዱ ላይ አፈርና የታጨደ ጓሳ፣ አንዱ ላይ እነዚሁ ከነመረቡና ከተዛወረው ጓሳ ጋር። አራተኛው እንዳለ ይተዋል፣ ለማነጻጸሪያ። ቦዩና ተዳፋቱ በግንቦት ያልቃሉ። ተከላው ዝናቡ መሬቱን ካረሰረሰ በኋላ በሐምሌ መጀመሪያ ነው። መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በየጥቅምቱና በየሰኔው ከአንድ ቋሚ ድንጋይ ላይ ፎቶ ያነሳል፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ የእንጨት ማዕቀፍም የተሸፈነውን ይለካል። ይህ አምስት ዓመት ይቆያል። የአልፕሶቹን ልኬት ወስጃለሁ። ሽፋኑ 70 በመቶ ካልደረሰ አፈሩ ቆሟል አንልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ረቂቁ ለጓሳ ኮሚቴ ይቀርባል። እነሱ እንቢ ካሉ የለም። ታፔላውን ሰርዤዋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ታፔላው ለምን? ያዋጣ ሰው ስሙን ማየት ይፈልጋል እኮ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሣሩ ይታይና ከአምስት ዓመት በኋላ እንነጋገርበታለን።

መምህሩ ከመሐል ሜዳ፦
ኮሚቴው ዘንድ ረቡዕ እሄዳለሁ፣ አባቴም አብረው ይመጣሉ። የገመዱን ነገር አንድ ሁለት ሴቶችን ጠይቄ ነበር። «ስንት ክንድ?» አሉኝ። መሐንዲስ፣ የመረቡን ዓይን ስፋት ዛሬውኑ ንገረኝ፣ መልስ ይዤላቸው ልሂድ።

መሐንዲሱ፦
በስንዝር ይሁን። ስንዝር በስንዝር።

መምህሩ ከመሐል ሜዳ፦
በማን ስንዝር?

መሐንዲሱ፦
በአባባ።