የግራንድ ካንየን ደቡባዊው ጠርዝ ተብለን ምዕራባዊው ጠርዝ ተወሰድን፤ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ?

የደጀን ልጅ (ላስ ቬጋስ)፦
የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ ከመጣች ስድስተኛ ወሯ ሲሆን መስከረም ሳይጠባ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ከመሄዷ በፊት ግራንድ ካንየን የተባለውን የአሪዞና ታላቅ ገደል እንድታይልኝ ብዬ፣ የእኛው ሰው ባዘጋጀው ጉዞ ለሦስት ሰው 567 ዶላር ከፈልኩ፤ ግማሹን በክሬዲት ካርድ፣ ግማሹን በዜል፣ ማለትም ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ በስልክ በሚላክበት መንገድ። ማስታወቂያው ደቡባዊውን ጠርዝ፣ የፀሐይ መጥለቂያውንና የጾም ምሳን በግልጽ ይጠቅሳል። ይሁን እንጂ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል የተባለው አውቶቡስ ጠዋት 3 ሰዓት ተነሣ፤ ከተማውን ከለቀቅን በኋላም አስጎብኚው «ደቡቡ አይደርስልንም» ብሎ ወደ ምዕራባዊው ጠርዝ ወሰደን። ገደሉ አፍ ላይ የቆየነው 50 ደቂቃ ነው። ፍልሰታ ሆኖ ሳለ ምሳው ዶሮ ያለበት ሳንድዊች ነበር። እናቴ ገለጥ አድርጋ አየችውና መልሳ በወረቀቱ ጠቅልላ ከፊታችን ለተቀመጠ ልጅ ሰጠችው፤ እስከ ማታ በውኃ ብቻ ዋለች። ገንዘቤን ማስመለስ የምችልበት መንገድ ካለ እባካችሁ አመልክቱኝ።

ሾፌሩ (ሄንደርሰን)፦
እኅቴ፣ በዚህ መንገድ ለዓመታት ሰው አመላልሻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። ሁለቱ ጠርዞች አንድ ቦታ አይደሉም። ደቡባዊው ጠርዝ በ1919 የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሲሆን፣ ከላስ ቬጋስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአራት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ምዕራባዊው ጠርዝ ግን ከፓርኩ ውጭ፣ የአገሬው ነባር ሕዝብ የሆኑት የዋላፓይ ሰዎች መሬት ነው፤ የሚያስተዳድሩትም ራሳቸው ናቸው፤ መግቢያውም ለብቻ ይከፈላል። በ2007 የተከፈተው የመስታወት ድልድይ ያለው እዚያ ነው። ቦታው ሁለት ሰዓት ከምናምን ብቻ ስለሚርቅ ለአዘጋጅ ይቀለዋል፤ ነገር ግን የገዛሽው እሱን አይደለም። ደቡቡ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ላይ ስለሆነ በነሐሴ እንኳ ሙቀቱ ስለማይበረታ ለአረጋውያን ይሻላል።

የመንገደኛ አውቶቡስ ሾፌር በሕግ ከ10 ሰዓት በላይ መንዳት፣ ሥራ ላይ ከዋለ 15 ሰዓት ካለፈው በኋላም መሪ መጨበጥ አይችልም። ጠዋት 3 ሰዓት የተነሣ አውቶቡስ ደቡብ ላይ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብቆ ይመለስ ቢባል ይህ ገደብ ያንቀዋል። ስለዚህ አዘጋጁ ሲዘገይ የሚሆነውን ያውቅ ነበር ማለት ነው። በካርድ ለከፈልሽው፣ የመጀመሪያው የሒሳብ መግለጫ በተላከልሽ በ60 ቀን ውስጥ ማስታወቂያውን አያይዘሽ ለባንክሽ በጽሑፍ አመልክቺ። በዜል የላክሽው ግን በራስሽ ፈቃድ የተላለፈ ስለሆነ ከባንክ ብዙ አትጠብቂ።

ከሲያትል፦
ወይ ደጀን! ልጅ ሆኜ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ፊታችንን ሲገርፈን፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን እያወለቀ በመስኮት ያንን ገደል ሲያይ ትዝ ይለኛል። አንድም ሰው ለማየት ብሎ አልከፈለም፤ መንገዳችን ነበር። ለመሆኑ እናትሽ ጠርዙ ላይ ቆመው ምን አሉ?

የደጀን ልጅ፦
ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ይኼማ የእኛው በረሃ ነው፤ ድልድዩ የታለ?» አለችኝ። የመስታወቱን ሳይሆን የዓባይን ድልድይ መጠየቋ ነው። ወዲያው ውጡ ተባልን። ያቃጠለኝ ይኸው ነው፤ ገንዘቡስ ሠርቼ አገኘዋለሁ፣ እሷ ግን ተመልሳ የምትመጣበት ቀን አይታወቅም። አሁን ደግሞ «በሰው አገር የወገንሽን ስም አታጥፊ፣ ተዪው» ትለኛለች።

አባት (ላስ ቬጋስ)፦
ልጄ፣ እናትሽ እውነታቸውን ነው። ሰውየው ልጆች የሚያሳድግ፣ ሐዘን ሲሆን ድንኳን ተሸክሞ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ባንኩ ዘንድ አቤቱታ ከተደራረበበት የካርድ መቀበያውን ይዘጉበታል። ሽማግሌ ይግባ፤ ጥፋቱን አምኖ ይካስሽ።

ነርስ ነኝ (ሬኖ)፦
አባቴ፣ አክብሬዎት እናገራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። እኛ እርስ በርሳችን የምንገበያየው ስለምንተማመን ነው፤ ያንን መተማመን ያፈረሰው ደግሞ አቤት ያለችው ልጅ ሳትሆን ዶሮ ለጾመኛ ያቀረበው ሰው ነው። ሽምግልና ቀጠሮ በቀጠሮ ሲሆን 60ው ቀን ያልፋል። በኔቫዳ እስከ 10,000 ዶላር ያለን ክርክር ያለ ጠበቃ የሚያይ አነስተኛ ችሎት አለ፤ የዜሉን ገንዘብ እዚያ ትጠይቅ።

አባት (ላስ ቬጋስ)፦
ለ280 ዶላር ወገንን ፍርድ ቤት ማቆም? ነገ በማኅበሩ እንዴት አንድ ጽዋ ይጠጣሉ?

ነርስ ነኝ (ሬኖ)፦
እሱስ ባዶ ሆዳቸውን የዋሉትን እናት በየትኛው ዓይኑ ያያቸዋል? በዚያው አውቶቡስ ላይ የነበሩት ሌሎቹስ ካሣቸውን ማን ይጠይቅላቸው?

ሾፌሩ (ሄንደርሰን)፦
ሁለቱ አይጣሉም። የባንኩ ደብዳቤ ዛሬ ይግባ፤ ሽማግሌው ካስታረቀ አቤቱታውን ማንሳት ይቻላል። ቀኑ ካለፈ ግን ማንም አይመልሰውም።

የደጀን ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የካርዱን አቤቱታ ትናንት ማታ ላክሁ፤ ለእናቴ ግን አልነገርኋትም። የዜሉን በተመለከተ ሽማግሌዎቹ ደውለውልኝ ቀጠሮ ሰጥተውኛል፤ ቀጠሮው እናቴ በተሳፈረች በሦስተኛው ቀን ነው።