ሶርሰረር 4 እና ዋርሎክ 2፦ ስሎቴ ስንት ነው?

ቁራ_ክንፍ ጠየቀ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንጫወተው ዲ ኤንድ ዲ ነው (በዳይስ የሚጫወቱት የገጸ ባሕሪ ጨዋታ)፣ የ2014ቱ አምስተኛ እትም። ገጸ ባሕሪዬ በድምሩ ሌቨል 6 ነች፤ ሁለት የአስማተኛ ክላስ (ሙያ) ቀላቅላ፣ ሶርሰረር 4፣ ዋርሎክ 2። ዲኤማችን (ጨዋታውን የሚመራው) 4 እና 2ን ደምሮ ከመልቲክላስ (ክላስ ለሚቀላቅሉ) ሰንጠረዡ ስድስተኛ መስመር አነበበልኝና ሦስት ባለሦስተኛ ደረጃ ስሎት (ድግምት የመድገሚያ ዕድል) ደረሰኝ። እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንዱ ተጫዋች ግን «ይሄ አይሆንም» ብሎ ድርቅ አለ። እስኪ ፍረዱን። የዋርሎኩን ስሎትስ ወደ ሶርሰሪ ፖይንት (ሶርሰረሩ ድግምቱን የሚያሻሽልበት ነጥብ) መቀየር ይቻላል? ደግሞ በአንድ ተራ ኤልድሪች ብላስት የተባለውን ድግምት በኩዊክንድ (በፖይንት በማፍጠን) ለቅቄ ስኮርቺንግ ሬይ የተባለውን ብጨምርበትስ?

ባለሃያ_ገጽ፦
ጓደኛህ ልክ ነው። ሰንጠረዡ የሚደምረው ስፔልካስቲንግ የሚባለው ችሎታ ያላቸውን ክላሶች ብቻ ነው። የዋርሎክ ችሎታ ፓክት ማጂክ ስለሆነ ድምሩ ውስጥ አይገባም። ሁለት ኪስ አለህ በለው፦ በሶርሰረሩ ኪስ 4 ባለአንደኛ እና 3 ባለሁለተኛ ደረጃ ስሎት፣ በዋርሎኩ ኪስ 2 ባለአንደኛ ደረጃ። የፊተኛው በሎንግ ሬስት (በረጅም ዕረፍት) ይሞላል፣ የኋለኛው በሾርት ሬስትም (በአጭር ዕረፍትም) ይሞላል። ከየትኛውም ኪስ አውጥተህ የሁለቱንም ድግምት መድገም ግን ትችላለህ። የሶርሰረሩን ድግምት ሺልድን በዋርሎክ ስሎት፣ የዋርሎኩን ሄክስን በሶርሰረር ስሎት ብትደግም ከልካይ የለህም።

እቴጌ_ዳይስ፦
መቀየሩ ይቻላል። አንድ ስሎት የደረጃውን ያህል ፖይንት ይሰጣል፤ ስለዚህ ሁለቱ የዋርሎክ ስሎቶችህ 2 ፖይንት ይወጣቸዋል። በዚያ ወይ አንድ ኩዊክንድ ትገዛለህ፣ ወይ መልሰህ አንድ ባለአንደኛ ደረጃ ስሎት ትሠራለህ፤ እሱም ዋጋው 2 ነው። በሶርሰረር 4 ከ4 ፖይንት በላይ መያዝ አትችልም። በ2014ቱ ሕግ መቀየሩ ራሱ ቦነስ አክሽን (ከዋናው ድርጊት ከአክሽን ሌላ፣ በተራ አንዴ የሚገኝ ፈጣን ድርጊት) ይበላል፤ ኩዊክንድም የሚፈልገው ያንኑ ቦነስ አክሽን ነው፣ በአንድ ተራ ሁለቱ አይገናኙም። ውጊያ ሳይጀመር ቀይር። በ2024ቱ እትም ስሎትን ወደ ፖይንት መለወጥ አክሽን አይጠይቅም።

ቶና_ጠጪ፦
እና ቁጭ ብሎ በሾርት ሬስት ላይ ሾርት ሬስት እየወሰደ፣ የዋርሎክ ስሎቱን ወደ ፖይንት፣ ፖይንቱን ወደ ስሎት እየቀየረ ሳይተኛ ቢያከማችስ? ኮፊሎክ (ኮፊ እና ዋርሎክ) የሚሉት እሱ አይደል? አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ያድራል 😂

ባለሃያ_ገጽ፦
እሱ ነው። የተሠሩት ስሎቶች የሚጠፉት ሎንግ ሬስት ሲያልቅ ስለሆነ፣ የማይተኛ ሰው ያከማቻል። በ2017 የወጣው የዛናታር መጽሐፍ (ተጨማሪ ሕጎች ያሉበት) ግን ማሰሪያ አለው፦ ያለ ሎንግ ሬስት 24 ሰዓት ባለፈ ቁጥር የኮንስቲቲውሽን (የአካል ጥንካሬ) ሴቭ (የመቋቋሚያ ዳይስ) ይጣላል፤ መጀመሪያ ከ10፣ ከዚያ በየ24 ሰዓቱ 5 እየተጨመረ። የወደቀ አንድ ደረጃ ኢግዞስሽን (ድካም) ይይዘዋል፤ ስድስተኛው ላይ ሞት ነው። ሕጉ አማራጭ ስለሆነ ዲኤምህ መቀበል አለበት። እኔ ብሆን ሕጉንም አልጠራም፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ጎብሊን እልክበታለሁ።

ጋሼ_ዘንዶ፦
ልጆች፣ ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ እኮ። አይሆንም። በቦነስ አክሽን ድግምት ከደገምክ፣ በዚያው ተራ ሌላ መድገም የምትችለው አንድ አክሽን የሚወስድ ካንትሪፕ (እንደ ኤልድሪች ብላስት ያለ፣ ስሎት የማይፈልግ ቀላል ድግምት) ብቻ ነው፤ ስኮርቺንግ ሬይ ደግሞ ካንትሪፕ አይደለም። ገልብጠው፦ ስኮርቺንግ ሬይን ኩዊክንድ አድርገህ ኤልድሪች ብላስትን በአክሽን ልቀቀው፤ ያኔ ልክ ነው።

ቶና_ጠጪ፦
ጋሼ፣ በ2024ቱ እኮ ይሄ ተነሥቷል። በአንድ ተራ የሚከለከለው ሁለት ስሎት ማውጣት ነው፤ ካንትሪፕ ደግሞ ስሎት አይፈልግም።

ጋሼ_ዘንዶ፦
አጠቃላይ ሕጉ እንዳልከው ነው። የኩዊክንድን ጽሑፍ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው፦ በሱ ድግምት ካፈጠንክ በኋላ በዚያው ተራ ደረጃ 1 እና ከዚያ በላይ የሆነ ድግምት መድገም ክልክል ነው ይላል። በአንድ በር ወጥቶ በሌላው ገባ።

ቁራ_ክንፍ፦
እሺ፣ ኤልድሪች ብላስትን ሁለት ጊዜስ?

እቴጌ_ዳይስ፦
እሱ ንጹህ ነው። የጨረሩ ቁጥር የሚያድገው በጠቅላላ ሌቨል ስለሆነ በሌቨል 6 ሁለት ሁለት ጨረር አለህ፤ ድምሩ አራት፣ ለየብቻ ዳይስ የሚጣልላቸው። አጎናይዚንግ ብላስት (የዋርሎክ ማሻሻያ) ካለህ በመታው ሁሉ ጉዳት ላይ የካሪዝማህ ጭማሪ ይደመራል። ሄክስም በመታ ቁጥር 1ዲ6 (አንድ ባለስድስት ገጽ ዳይስ) ይጨምራል፤ ግን ሄክስ ራሱ ቦነስ አክሽን ስለሆነ ከአንድ ተራ በፊት ጣልበት። ኮንሰንትሬሽን (በትኩረት የሚያዝ ድግምት) መሆኑንም አትርሳ፣ ከተመታህ ሴቭ አለ፤ ከ10 ወይም ከጉዳቱ ግማሽ፣ የበለጠው።

ቁራ_ክንፍ፦
ለዲኤሙ አሳየዋለሁ። ለሌቨል 7 ዋርሎክ 3 ልውሰድ ወይስ ሶርሰረር 5?

ባለሃያ_ገጽ፦
ዋርሎክ 3 ሁለቱን ስሎት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ያሳድጋቸዋል፤ በየሾርት ሬስቱ 4 ፖይንት ማለት ነው። ዲኤማችሁ ሾርት ሬስት የማይነፍግ ከሆነ እሱን ውሰድ።

ጋሼ_ዘንዶ፦
ሶርሰረር 5 ሁለት ባለሦስተኛ ደረጃ ስሎት አለው። ያ ማለት ፋየርቦል ወይም ካውንተርስፔል። ፖይንት ቆጥሮ ማን ጠገበ?