በቀይ ድንኳን ውስጥ የተነሱ የሰርግ ፎቶዎች፦ የፊቱን ቀለም እንዴት ልመልሰው?

ሰላም ወንድም እህቶቼ፤ ደሴ ውስጥ ፎቶ አነሳለሁ። ባለፈው እሁድ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰርግ ነበረኝ። ድንኳኑ ቀይ ሸራ ነው፤ የቀትር ፀሐይ በሸራው አልፎ ሲገባ ሁሉን ነገር አቀላው። የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ሮዝ፣ የእናቷ ነጠላ ብርቱካናማ ሆኗል።

ፋይሎቹ ሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር ያስቀመጣቸው ጥሬ ፋይሎች) ስለሆኑ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ሚዛን) ከ5500 ኬልቪን ወደ 3000 አወረድኩት፤ ቁጥሩ ሲወርድ ፎቶው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቀሚሱ ነጣ። ነገር ግን ከድንኳኑ በር የቀን ብርሃን ያገኘው የሙሽራዋ ፊት ግማሽ ሰማያዊ ሆነ፣ ሌላው ግማሽ አመድ መሰለ። ሁለት ዓይነት ብርሃን ስላለ አንድ ቁጥር አይበቃውም። የከፋው ጉንጯ ነው፦ ሂስቶግራሙ (የብርሃን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ላይ ቀዩ ቻናል (የፎቶው የቀይ ቀለም መረጃ) ቀኝ ጫፍ ደርሶ ተቆርጧል፤ የቆዳዋ ዝርዝር ጠፍቷል። ሙቀቱን ጨርሼ ማጥፋትም አልፈልግም፤ ጠይምነቷ የሚያምረው በዚያ ነው።

ፊቱን በማስክ (የተመረጠውን ክፍል ብቻ ለማረም በሚያስችለው መሣሪያ) ለይቼ ልሥራ ወይስ የቀዩን ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ብቻ ልቀንስ? የተቆረጠውን ቀይ ከአረንጓዴው ቻናል ተበድሮ የመለሰ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ደረጃ በደረጃ አሳዩኝ። ጥቁርና ነጭ እንዳላደርገው ቤተሰቡ የቀሚሱ ጥለት ቀለም እንዲታይ ይፈልጋል። አልበሙን የማስረክበው ሐሙስ ነው።