ሐኪሙ «ቅባት፣ ጨውና ጣፋጭ ቀንስ» ብሎኛል፤ ውጭ የሚበላ ሰው ምኑን ይተው?

ባለቪትዙ፦

ሰላም ለቤቱ። አዲስ አበባ ውስጥ የሜትር ታክሲ ነው የምሠራው፤ ዕድሜዬ 41። ሰሞኑን ራሴን ሲያመኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ብለካ ግፊቴ 150 በ95፣ በባዶ ሆዴ የተለካው ስኳር ደግሞ 118 ሆነ። ሐኪሙ መድኃኒት አልጀመረልኝም። «ቅባት፣ ጨውና ጣፋጭ ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ፣ ከወር በኋላ ተመለስ» ብሎ ሸኘኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ለጥያቄም አልተመቸኝ።

ቅባት ሲሉኝ እኔ የሚመጣልኝ ጥብስና ቅቤ ነው። ሥጋ ደግሞ ከበዓል ውጪ ብዙም አላይ፤ ኪስም አይፈቅድም። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ቁርሴ ፍርፍር ነው፣ ከቸኮልኩ ፓስቲ በሻይ። ምሳ ሃያ ሁለት ወይ መገናኛ አካባቢ ተጋቢኖ፣ በጾም በያይነቱ። ከሰዓት እንቅልፍ ሲጥለኝ አንድ ለስላሳ፤ ሲመቸኝ ስፕሪስ፣ መቼም ፍራፍሬ ነው ብዬ። ሻይ በቀን አራት፣ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር። ማታ ባለቤቴ የሠራችውን።

ተራ ላይ ያሉት ጓደኞቼ ሁሉም ሐኪም ሆነዋል። አንዱ እንጀራ ተው ይለኛል። አንዱ ፌጦ በሎሚ በጥብጠህ ጠጣ ይላል። ሌላው «ማሽኑ ነው የተበላሸው፣ ደህና ነህ» ብሎ ገላገለኝ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ከዚህ ውስጥ የቱን ልተው? ሁሉንም ተው እንዳትሉኝ ብቻ።

ሲስተር ከጎፋ፦

ወንድሜ፣ እንኳንም ተለካህ። ብዙ ሰው ግፊት እንዳለበት የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። 118 ገና ስኳር በሽታ አይባልም። እሱ የሚባለው በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ያውም ተደግሞ ሲገኝ ነው። ግን ወደዚያው እየሄድክ ነው፣ አልዋሽህም።

እንጀራውን ለቀቅ አድርጉት። መጠኑን ታያለህ እንጂ ጤፍ አሰርም ብረትም ያለው እህል ነው። አንተ መጀመሪያ የምትጠጣውን እይ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። አራት ሻይ በሦስት ማንኪያ 48 ግራም መጣ። ባለ 300 ሚሊ ሊትሯ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም አካባቢ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚለው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ነው። አንተ በመጠጥ ብቻ 78 ላይ ነህ።

በስፕሪሱ ደግሞ ከፍራፍሬው ጋር ጠብ የለኝም። አንድ ቀን ግን ጁስ ቤት ባንኮኒው ጋ ቆመህ እይ። አቮካዶው መፍጫው ውስጥ ይገባል፣ ውሃ ይደረግበታል፣ ቀጥሎ ስኳሩ በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ ነው የሚገባው። ከላይ ያቺ ቀይ ሽሮፕ ትፈሳለች። «ያለ ስኳር፣ ያለ ሽሮፕ፣ በሎሚ» ብለህ እዘዝ፤ ይሠሩልሃል። ማልትም «አልኮል የለውም፣ ጤና ነው» እየተባለ ይጠጣል። አልኮልስ የለውም፤ የአብዛኞቹ ስኳር ግን ከለስላሳ ብዙም አያንስም።

ሻዩን በአንድ ጊዜ መራራ አታድርገው፣ ትተወዋለህ። ከሦስት ወደ ሁለት ውረድ፣ ሲለምድህ ወደ አንድ። ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ከሆነ ስኳሩ ብዙም አይናፍቅህም።

ጨው ለቀኑ በሙሉ ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አትሞላም። ልጆች ኢንዶሚ ሲሠሩ አብረህ የምትቀምስ ከሆነ ፓኬቱን አንብብ። «ሶዲየም» የሚለውን ቁጥር በ2.5 ስታባዛው ጨው ይሆናል። ትደነግጣለህ።

ፌጦውን ከወደድከው ጠጣ፣ ግን መድኃኒት አድርገህ አትቁጠረው። ከወር በኋላ ያለችውን ቀጠሮም እንዳታልፋት።

እትዬ ጓዳ፦

ልጄ፣ እኔ ያረጀሁት ምግብ ቤት ወጥ ስሠራ ነው። ሲስተር ስለ ስኳሩ ጨርሳዋለች፣ እኔ ስለ ዘይቱ ልንገርህ።

የጾም ምግብ ቅባት የለውም ያለህ ማነው? ቤት ስንሠራ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት እናቁላላዋለን፤ እንዳይዝ ጠብ ጠብ እያደረግን ውሃ። ሲበስል ነው ዘይት የምንጨምረው፣ ትንሽ ይበቃዋል። ምግብ ቤት ለዚህ ጊዜ የለም። ዘይቱ ይፈስሳል፣ ሽንኩርቱ ውስጡ ይዋኛል። ደግሞ ደንበኛው ራሱ ነው፤ ወጡ ላይ ዘይት ካልወጣለት «ውሃ ሰጣችሁኝ» ብሎ ይመልሳል። ያ ተጋቢኖ እየተንተከተከ ሲመጣልህ ዳር ዳሩን እየው፣ ቀይ ዘይት ይዞራል። እንጀራው ደግሞ መጥጦ መጥጦ ሆድህ ያደርሰዋል።

ዘይቱም ዘይት አይደል፣ የሚረጋው ነው። ጠዋት ጄሪካኑን ስታነሳው ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ልጄ የጤና ባለሙያ ናት፤ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው ዓይነት ስብ ነው ትለኛለች፣ የሱፍ ዘይት ግን ከአሥር እጅ አንዱ ቢሆን ነው። የኑግ ዘይትም ከሚረጋው በብዙ ይሻላል፣ ንጹሕ ከተገኘ። እውነቱን እንናገር ካልን ሰው የሚረጋውን የሚገዛው ስለሚረክስ ነው፣ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ግን ጥሩውን በትንሹ መግዛት ይቻላል።

ጨዉም ሳይታይ ነው የሚደራረበው። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲዘጋጅም ገብቶበታል። ወጡ ላይ እንደገና ይነሰነሳል፣ አንዳንዱ የማጣፈጫ ኩብም ይጨምርበታል። አንተ ቀምሰህ «አልጫ ነው» ብለህ ጨው ስጡኝ ትላለህ!

ፓስቲዋን ለጊዜው እርሳት። የመጥበሻው ዘይት ጠቁሮ እያጨሰ፣ በትናንቱ ላይ እየተጨመረ ነው የሚውለው። ቁርስህን ቅንጬ አድርገው፣ ሲያዝዙት «ዘይት አታብዙ» ማለት ነው። ገንፎም አለ፣ ቅቤው ሳይንሳፈፍበት። ምሳ ላይ በያይነቱ ስታዝ ጎመን፣ አልጫ ክክና ሰላጣ አብዙልኝ በል፤ ቀዩን ቀንስ። መኪናህ ውስጥ ቆሎ ይኑር፣ ጨው ያልነካው። እንቅልፍ ሲመጣ እሱን ቆርጠም ቆርጠም ብታደርግ ከለስላሳው ይሻልሃል። በሶም ጥሩ ነው፣ ብጥብጡን በስኳር ካላበላሸኸው።

ኬክ ቤት ነው የምሠራው፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ለጾመኛ። የጾም ኬክና ብስኩት ቅቤ ስለሌለው ሰው ቀላል ይመስለዋል። በቅቤው ፋንታ ብዙ ጊዜ የሚገባው ማርጋሪን ነው። በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ከሆነ ትራንስ ስብ አለው፤ እሱ ደግሞ ለልብ ከሁሉም የከፋው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ ጨርሶ እንዲወጣ አገሮችን የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እኛም አገር በ2012 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ትራንስ ስብ የበዛበትን ቅባት ታክስ ውስጥ አስገብቶታል። ካርቶኑን አገላብጦ የሚያነብ ግን አላየሁም። ደንበኛ የሚጠይቀኝ «ትኩስ ነው?» ብሎ ብቻ ነው።

ተራ አስከባሪ፦

ወንድም፣ የዘይት ዋጋ በዚሁ ከቀጠለ ሳታስበው ትድናለህ 😂 በቁም ነገር ግን ለስላሳውን በውሃ ቀይረው። ጠዋት ቤትህ ሁለት ሊትር ሞልተህ ውጣ። እኔ ለስላሳ የምጠጣው ለካ ሲጠማኝ ነበር።

ባለቪትዙ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ ጓዳ፣ እርስዎ የነገሩኝን ዛሬውኑ ሞከርኩት። ምሳ ላይ «ተጋቢኖውን ዘይት ቀንሱልኝ» ብዬ ብል አስተናጋጇ «ታመሃል እንዴ?» አለችኝ። ቀንሰው አመጡልኝ፣ ግን ዳሩ ላይ ያሉኝ ቀይ ዘይት አሁንም አለ። ጎመኑ ይሻላል። ባለቤቴ ደግሞ ስለ ሽንኩርቱ ያሉትን ሳነብላት «እኔ እኮ ድሮም እንደዚያ ነው የምሠራው፣ አንተ መቼ ጓዳ ገብተህ ታውቃለህ» አለችኝ። ስለዚህ ማታ ማታ ደህና ነኝ ማለት ነው።

ሲስተር፣ አንድ የቀረ ነገር አለ። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቢራ አለች። እሷስ? ቁርጥም አብሮ ይመጣል አንዳንዴ።

ሲስተር ከጎፋ፦

ይቺን ደብቀህ ነው ለካ! አልኮል ግፊት ከፍ ያደርጋል። ጨርሰህ ብትተወው ደስ ይለኛል። ካልሆነም አንዷን ይዘህ አምሽ፣ በላይ በላዩ አትደራርብ። ቁርጡ ሌላ ጣጣ አለው፤ ኮሶ ትሉን የምናገኘው ከጥሬ ሥጋ ነው። በደንብ የበሰለ ቀይ ሥጋ፣ ስቡ ተለይቶ፣ አልፎ አልፎ ቢሆን ችግር የለውም። ሚጥሚጣውንና አዋዜውንም ቀነስ፣ ጨው ናቸው።

ደግሞ እስከ ቀጠሮህ ድረስ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ግፊትህን ተለካ። ሰፈርህ ያለ መድኃኒት ቤት መለኪያ ካለው በቂ ነው። ከመለካትህ በፊት አምስት ደቂቃ ተቀመጥ፣ ቡና ጠጥተህ ወዲያው አትሂድ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ ለሐኪሙ አሳየው። 180 በ120 ከደረሰ፣ ወይ ደረትህን ካመመህ ወይ ዓይንህ ከደበዘዘ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ግባ። መሪውን ግን ለሌላ ሰው ስጥ።