ክርክር፦ ለሰማይ ድንጋይ ክትትል የሀገር ገንዘብ ይውጣ?

የሆጤው፦ ትናንት እዚህ አንድ ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ኢትዮጵያ አስትሮይድን (በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ድንጋይ) እና ጅራታም ኮከብን ለመከታተል በጀት ትመድብ የሚል። እኔ አልስማማም። ክረምት በገባ ቁጥር እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ያሉ ቤቶች በናዳ ይሰነጠቃሉ። ሰዉ ስንጥቁን በጭቃ ይመርገዋል። ዝናቡ ሁለት ቀን ከዘነበ ምርጊቱም አብሮ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ መጀመሪያ የድጋፍ ግንብ!

የኮምቦልቻዋ፦ ወንድሜ፣ በናዳው ጉዳይ አልከራከርህም። ግን ሁለቱን ለምን ታጋጫለህ? እ.ኤ.አ. በ2008 አራት ሜትር ገደማ የሆነ አስትሮይድ እዚሁ ጎረቤታችን ሱዳን በረሃ ላይ ፈነዳ። ሊወድቅ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀረው በቴሌስኮፕ ታየ። ከመውደቁ በፊት የታየ የመጀመሪያው እሱ ነው። ስብርባሪውን አሸዋ ላይ ተሰልፈው የለቀሙት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። እነሱ ድሃ ሀገር ነን ብለው አልተቀመጡም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሜክሲኮ ላይ የወደቀው ድንጋይ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የቆፈረው ጉድጓድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ዳይኖሰሮችን የጨረሰው ግን ምቱ ብቻ አይደለም። የመታው መሬት ድኝ የበዛበት ነበር። ድኙና ጥላሸቱ ወደ ላይ ወጥቶ ፀሐይን ጋረደ። ብርድ ሆነ፣ ተክል ምግቡን መሥራት አቃተው፣ ተክል በሌው ተራበ፣ ሥጋ በሌው ተከተለ። ከዝርያዎች ሦስት አራተኛው ጠፋ።

በዚያው ዘመን ሕንድ ውስጥ እሳተ ገሞራ ይፈስ ስለነበር ጥፋቱን ለእሱ የሚሰጡ ተመራማሪዎችም አሉ። እኔ ግን ደሴን አያለሁ። እግራችን ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። ይህን ሁሉ ተራራ የሠራ ፍሰት እንኳ ያን የመሰለ እልቂት አላመጣም። የሰማዩ ድንጋይ የሚከፋው ፋታ ስለማይሰጥ ነው።

የሆጤው፦ ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ግን በብዙ ሚሊዮን ዓመት አንዴ ለሚመጣ ነገር የዘንድሮ ጣሪያ አይጠብቅም።

የኮምቦልቻዋ፦ ትንንሾቹ እኮ ይመላለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሩሲያ፣ ቼልያቢንስክ ላይ የፈነዳው 20 ሜትር ቢሆን ነው። 1,500 ያህል ሰው ቆሰለ፣ አብዛኛው በመስታወት። ብልጭታውን አይቶ ወደ መስኮት የሄደውን ዘግይቶ የደረሰው የፍንዳታ ሞገድ አገኘው። «ብልጭታ ካየህ ከመስኮት ራቅ» ብሎ ለማስተማር ስንት ብር ይፈጃል? እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይም አንድ አስትሮይድ እ.ኤ.አ. በ2032 ምድርን የመምታት ዕድሉ 3 በመቶ ደርሶ ነበር። ሊወድቅበት ይችላል የተባለው መስመር አፍሪካን ያቋርጥ ነበር። ስሌቱ ሲጠራ ስጋቱ ጠፋ። ያጠሩልን ሌሎች ናቸው፤ እኛ ሰሚ ነን።

የሸዋ በሯ፦ እኔ አዲስ ቴሌስኮፕ ይገዛ አልልም። እንጦጦ ላይ ያሉት በደንብ ይሥሩ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2022 መንኮራኩር አጋጭተው አንድ ትንሽ አስትሮይድ በትልቁ አስትሮይድ ዙሪያ የሚያደርገውን ዙረት በ30 ደቂቃ ገደማ አሳጥረዋል፤ ማስቀየሱን ለእነሱ እንተወው። የእኛ ቀዳዳ ሌላ ነው። ማስጠንቀቂያው ቢመጣ ማን ሰምቶ ማንን ያስነሳል? ለናዳም ለሰማይ ድንጋይም የሚያስፈልገው ያው ነው፤ ሌሊት ስልኩን የሚያነሳ የቀበሌ ሰው።

የሆጤው፦ እዚህ ላይ ተገናኘን። እንግዲያው ብሩ መጀመሪያ ቀበሌ ይድረስ። እንጦጦን ከዚያ እናወራለን።

ጡረተኛው መምህር፦ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ሌሊት አፖፊስ የሚባለው አስትሮይድ በ32 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ያልፋል። አይመታንም፤ አብሽሩ። ከአፍሪካ በዓይን ይታያል። የሰፈሩን ተማሪዎች ይዤ እወጣለሁ።

የሆጤው፦ ይውጡ፣ ጋሼ። እነዚያው ልጆች ግን ዘንድሮ ክረምት ሜትር ይዘው የጦሳን ስንጥቆች ይለኩልኝ። በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሰፋ ይጻፍ።

ጡረተኛው መምህር፦ ሰኔ ላይ እንጀምር። ሜትሩን አንተ አምጣ።